ኦርጅናሉ ሀይደር

ባሕር ዳር ውስጥ ከእኔ ሱቅ ያልወጣ የኮምፒውተር ጌም ቢኖር ሀይደር ቤት ያለው አንዱ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ፋሲሎ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ቤትና ከአንድ ጫማ ቤት መካከል፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ደግሞ የጠየቀኝን ጌም ቁልፉን ሰብሬ ገልብጬ እሰጣለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "የሠሩት ሰዎች ፈቅደውልሃል ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሀይደር ነው። አልፈቀዱልኝም ስለው ፍላሹን ኪሱ ከቶ፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን ያን ቀን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ።

ሀይደር ዩሱፍ የሞተር ጀልባ ይነዳል። ከወደቡ ተነስቶ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው ያመላልሳል፤ ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት፣ ቱሪስት ሲጠፋ የገዳም ሰዎችን፣ እነሱም ሲጠፉ ጌሾና ቡና ይጭናል። እንግሊዝኛውን የተማረው ከቱሪስት ስለሆነ እንግሊዝኛው በጣም ትሑት ነው። ወደቡ ላይ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ኦርጅናል" ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ለሞተሩ መለዋወጫ ሊገዛ ሄዶ ነው አሉ። ነጋዴው "ይቺ ፎርጅድ ናት፣ ግን ከኦርጅናሉ በምንም አትለይም" ቢለው፣ ሀይደር "ካልተለየች አንተ በምን ለየሃት?" ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጀልባው ሦስት ሳምንት ቆመች። ጓደኞቹ በፎርጅዱ እየነዱ ከሐይቁ ላይ እጃቸውን ያውለበልቡለታል፤ እሱም ከዳር ሆኖ መልሶ ያውለበልባል።

አመሉን የወረሰው ከአባቱ ነው። ጋሽ ዩሱፍ ሽምብጥ ዳርቻ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እንጨት ሲገዙ ሂሳቡን ከፍለው ብቻ አይሄዱም፤ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያዩ "ሐላል በለኝ" ይሉታል፤ ከልብህ ፍቀድልኝ፣ ቅር አይበልህ ማለታቸው ነው። ሻጩ "ሐላል ብየዎታለሁ" ካላለ እንጨቱ እዚያው ይቀራል። በእሳቸው ሙያ ይህ ጌጥ አይደለም፣ እንደ ምስማር የጀልባው አንድ አካል ነው። "ከበታቼ ውሃ አለ፤ በውሃው ላይ የሰው ቅያሜ አልጨምርበትም" ይላሉ። አንድ ጊዜ ተሠርታ ካለቀች ጀልባ ላይ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ነቀሉ። ዛፏን የሸጠው ሰው እኩል የምትወርስ እህት እንዳለችውና እሷ እንዳልተጠየቀች ሰምተው ነው። ሳንቃዋን ነቅለው፣ ወንዛዬ ድረስ ሄደው፣ ሴትየዋን ከፍል ውሃው ስትወጣ አግኝተው ሐላል አስብለው ተመለሱና ያችኑ ሳንቃ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ምስማር መልሰው መቱ። ጀልባ ያዘዘው ሰው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዳር ተቀምጦ ጠበቃቸው።

የመጨረሻዋና ትልቋ ጀልባቸው የጎርጎራ ሰዎች ያዘዟት ነበረች። ተሠርታ ባለቀችበት ሳምንት ጋሽ ዩሱፍ ወድቀው እግራቸው ተሰበረና አልጋ ያዙ፤ ጀልባዋን ሌሎች ነድተው ወሰዷት። ውሃ ላይ ስትሄድ አላዩዋትም። እግራቸው ሲድን "ጎርጎራ ሂጄ ልያት" ብለው ተነሱ፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ ፈርሳ ሳንቃዋ ለአጥር መዋሉን ሰሙ። ቀጥሎ ዓይናቸው ታመመ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ ያለው በጠብታ ዓመት ቢቆይ፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው አለ። ጋሽ ዩሱፍ ስለ ዓይናቸው ምንም አላሉም። "ያችን ጀልባ ግን ሳላያት ቀረሁ" ነው ያሉት።

ጌሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እነሱን ለማስተዋወቅ አልተከፈለኝም። ሳንቃ በሳንቃ ጀልባ ሠርተህ ውሃ ላይ የምትነዳበት ጌም ነው፤ ውሃውንም ራስህ መሣል ትችላለህ፣ ሐይቁን፣ ደሴቱን፣ ንፋሱን ሳይቀር። ሀይደር ስልኩ ላይ አይቶት ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ያገለገለ ኮምፒውተር ከእኔ ወሰደ፤ ጌሙን ግን ጅዳ ያለችው እህቱ ሱምያ በካርዷ ገዝታ ላከችለት። እኔ ዘንድ በፍላሽ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያገኘውን ማለት ነው።

ሲመዘገብ ደውሎልኝ ነበር። "አምባቸው፣ የትውልድ ቀኔን ጠየቁኝ። እኔ የተወለድሁት ጳጉሜን ሦስት ነው። ወሮቹን ብቆጥራቸው አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጳጉሜን የለችም።"

"የፈለግከውን አስገባ ባክህ፣ ልደትህን ሊያከብሩልህ ነው እንዴ?" አልኩት።

ብዙ ተከራክረን፣ እኔው አስገድጄ ኦገስት ሠላሳን አስመረጥኩት። ይህችን ቀን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሀይደር በሕይወቱ አንድ የውሸት ነገር ቢጽፍ በእኔ ምክር የጻፋት ይህች ናት።

ክረምቱን ሙሉ አባትና ልጅ ጀልባ ሠሩ። ጋሽ ዩሱፍ አፍንጫቸውን ከስክሪኑ አስጠግተው ያዛሉ፣ ሀይደር በማውሱ ይመታል። "ምስማሩን አራራቅኸው! ሳንቃው ሲያብጥ የት ይግባ?" ይላሉ። "አባየ፣ ጌሙ ከዚህ በላይ አያቀራርብም።" "እንግዲያ ጌም የሚሉት ሰው ጀልባ ሠርቶ አያውቅም።" የሀይደር ሚስት ሙኒራ በአጠገባቸው ስታልፍ "ይኸ ቤት መጋዝ ብቻ ነው የጎደለው" ትላለች። ከዚያ ጣናን ሣሉ፤ ዘጌን፣ ደቅን፣ ጎርጎራን፣ ሀይደር የሚያውቃቸውን አለቶች አንድ በአንድ። የቀረው ጀልባዋን አስነስቶ ጎርጎራ ማድረስ ነበር። ጋሽ ዩሱፍ ግን ቀለሟ ሳይደርቅ አትነሳም አሉ። ስክሪን ላይ ያለ ቀለም አይደርቅም ብላቸው "አንተ ምን ታውቃለህ" ብለው ዝም አሰኙኝ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ኔት ጠፋ። የእኛ ከተማ ሰው ያንን ጊዜ ያውቀዋል፤ ወራት ነው የቆየው። ለካ የሀይደር ጌም በየሰባት ቀኑ በኢንተርኔት ወደ ባለቤቶቹ ዘንድ ሄዶ "ይህ ሰው እውነት ገዝቶኛል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይከፈትም። እኔ የገለበጥኳቸው ጌሞች ማንንም አይጠይቁምና በዚያ ወራት ባሕር ዳር በሙሉ ሲጫወት ከረመ። ከተማው ውስጥ ያልተከፈተው ጌም አንድ ብቻ ነበር፤ የተገዛው። ሀይደር በየሳምንቱ ሱቄ እየመጣ "ምናልባት ዛሬ" ይላል። እኔ እስቅበታለሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም በዚያ መካከል የሽማግሌው ዓይን እየጠበበ ነበር።

ኔት ሲመለስ መብራት በተራው ሄደ፤ ሲመለስም ሃርድ ዲስኩን አቃጥሎ ተመለሰ። ቀየርኩለት። በወሩ ማዘርቦርዱ ሄደ፤ እሱንም ቀየርኩ። ከዚያ ዲስኩ ደገመው። ሦስተኛውን ስጠግን እጅ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፣ ግን ተሳካ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ጌሙን ስንከፍተው በቀይ ጽሑፍ እንዲህ አለን፦ ይህ ምርት ከተፈቀደው ሦስት ኮምፒውተር በላይ ተጭኗል፣ ስርቆት ወንጀል ነው። አንድ ኮምፒውተር ሦስቴ ብጠግነው በእነሱ ሂሳብ አራት ሆኗል። ሀይደር ጽሑፉን ሁለቴ አነበበው። እኔን ሌባ ያለኝ ጌም እስካሁን የለም፤ ሀይደርን ግን አለው።

እንግዲህ ደብዳቤ መጻፍ ተጀመረ። ሀይደር ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት የሚጽፈው ለሰው እንደሚጻፍ ነው። "እንደምን ከርማችኋል? ቤተሰብ ደኅና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን" ብሎ ይጀምርና ችግሩን፣ የአባቱን ዓይን፣ ጀልባዋን፣ ጎርጎራን ይዘረዝራል። መልሱ "ውድ ደንበኛ፣ ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ያብሩት" የሚል መጣ። አጠፋው፣ አበራው። ሁለተኛው መልስ "ኢንተርኔት መኖሩን ያረጋግጡ" ይላል፤ በኢንተርኔት የመጣ መልስ ነው። መልሶቹ ሁሉ የተለያየ ስም አላቸው። ሀይደር ደግሞ ባለፈው የጻፈለትን ሰው አዲሱ ሰው ሰላም እንዲልለት ይጠይቃል። ሰላምታው ይድረስ አይድረስ አላህ ይወቅ።

በሦስተኛው፣ ማንነትዎን ለማረጋገጥ የትውልድ ቀንዎን ይጻፉ አሉት። እኔ ዘንድ ቢመጣ ኖሮ "ኦገስት ሠላሳ በልና ተገላገል" እለው ነበር። አልመጣም። ሀይደር ያች ቀን ከተመዘገበ ጀምሮ ስትከነክነው ኖራ ኖሮ፣ አሁን ልቡን የሚያሳርፍበት ጊዜ እንደመጣ ቆጠረው። የተወለድሁት ጳጉሜን ሦስት ነው፣ ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛዋ ወራችን ናት፣ አምስት ቀን አላት፣ አንዳንዴ ስድስት፣ ያኔ በስህተት የጻፍሁትን አርሙልኝ ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ አስረዳቸው። በሁለት ሳምንቱ መልስ መጣ፤ በዓመት ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም፤ ሐሰተኛ መረጃ በመስጠትዎ አካውንትዎ ታግዷል።

"ውሸቱን ስነግራቸው አመኑኝ" አለኝ ሀይደር ሱቄ በር ላይ ቆሞ። "እውነቱን ስነግራቸው አገዱኝ።" አልተቆጣም፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ ንዴት ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የተቃጠለውን ዲስክ ስቀይር፣ እንደ ልማዴ፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ጀልባዋም ጣናም እኔ ዘንድ አሉ። ጌሙ ደግሞ ቁልፉ ተሰብሮ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ዛሬውኑ መነሳት ይቻላል ማለት ነው።

ቤታቸው ሄጄ ለጋሽ ዩሱፍ ነገርኳቸው። ያኔ የሚታያቸው ከፊት ለፊታቸው ያለው ብቻ ነበር፤ "ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ ነው የማያት" ይሉ ነበር። በጥሞና ሰሙኝ።

"ይኸ አንተ ዘንድ ያለው የማን ነው?"

"ያው የእናንተ ነው እንጂ ጋሽ ዩሱፍ። ገዝታችሁታል እኮ!"

"እኛ የገዛነው እነሱ የቆለፉትን ነው። ይኸኛው በሌላ እጅ የመጣ ነው። ውሰዱት ብለዋል?"

"አላሉም።"

"እንግዲያ እንጠይቃቸው። ሐላል ይበሉንና እንሄዳለን።"

"አይመልሱም!"

"የወንዛዬዋ ሴትዮም አትመልስም ብለውኝ ነበር" አሉ።

ሀይደር ጻፈ። የገዛነው ተቆልፎብናል፣ ጓደኛችን ዘንድ ያልተቆለፈ አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከባሕር ዳር ጎርጎራ እንድንሄድበት ሐላል በሉን አለ። ሐላል የሚለውንም በእንግሊዝኛ አስረዳ። "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ ማሽን የላከው ነው፣ ረጅም ቁጥር አለው። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ጋሽ ዩሱፍ በየጁምዓው ከመስጊድ ሲመለሱ "መለሱ?" ይላሉ። "ገና ነው አባየ።" ስድስት ጁምዓ እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው ጋሽ ዩሱፍ ይህን ሲጠይቁ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ግድግዳው ነበር፤ ሀይደር በሌላ በኩል ቆሟል። ያን ሳይ አልቻልኩም።

ሱቄ ገብቼ በሩን መለስ አደረግኩና አዲስ ኢሜይል ከፈትኩ። አድራሻው ከድርጅቱ በአንዲት ፊደል ነው የሚለየው። ስሜን ሮበርት አልኩ። በሥራዬ ብዙ ነገር ገልብጫለሁ፣ ሰው ግን ገልብጬ አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛዬ የተሰበረ ነውና ከየቦታው እየለቃቀምኩ፣ "ውድ ሀይደር፣ እንደምን አለህ? አባትህ እንዴት ናቸው? ዓይናቸውንስ እንዴት አደረጋቸው? ስለዘገየን ይቅርታ። በጓደኛህ ዘንድ ባለው ጌም እንድትሄዱበት ከሙሉ ልባችን ፈቅደናል። ሐላል ብለናል። ጎርጎራ በሰላም ግቡ" ብዬ ላክሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሀይደር እየሮጠ መጣ። ሰላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በወደቡ ላይ ሲሮጥ ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነው።

"አምባቸው! ሰው አገኘን!" አለኝ። "ሮበርት የሚባል፣ ጨዋ ሰው!" አቀፈኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬም ደስ ብሎኝም አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ሀይደር ደብዳቤውን በአማርኛ እየተረጎመ አነበበላቸው። ጋሽ ዩሱፍ እስከ መጨረሻው ሰሙት። "ስለ ዓይኔም ጠየቀ?" አሉ። "ጠየቀ አባየ።" "ደግ ነው" አሉና "ቢስሚላህ" ብለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

ጀልባዋ ተነሳች። ከወደቡ ወጣች፣ ዘጌን በግራ ትታ አለፈች፣ ደቅ ጋ ስትደርስ ንፋስ ተነሳ። ጋሽ ዩሱፍ በዚያች በጠበበች ቀዳዳ እንዳታመልጣቸው አንገታቸውን ከጀልባዋ ጋር እያዞሩ ይከተሏታል። ድንገት "ቁም! ታዘነብላለች" አሉ። እኛ አልታየንም። "በግራ በኩል። ሦስተኛዋ ሳንቃ ናት፣ ስመታት ጠርጥሬአት ነበር። ዝም ብየ አለፍኋት።" ያኔም በእጃቸው ሲሠሯት፣ አሁንም በልጃቸው እጅ ሲያሠሯት ያችኑ ሳንቃ እዚያው ላይ አግብተዋታል። ስህተታቸውን በማየታቸው ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ጎርጎራ ስትደርስ፣ ጀልባዋ ከዳሩ ስትጠጋ፣ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉና "ደረሰች" አሉ። ሙኒራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን ለምን እደብቃለሁ?

በሁለተኛው ወር የጋሽ ዩሱፍ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሀይደር ስክሪኑ ላይ ጀልባዋን ሲነዳ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው የሞተሯንና የውሃውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ዘጌ መድረሷን በሰዓቱ ያውቃሉ።

እንዲህ እያልን ሳለ እውነተኛው መልስ መጣ። ሀይደር እኔም ባለሁበት ለአባቱ ጮክ ብሎ አነበበው። ቅሬታዎ ተመርምሮ አካውንትዎ ተከፍቷል ይላል። ለደረሰብዎ መጉላላት ማካካሻ እንዲሆን ጀልባዎን የሚቀቡበት ወርቃማ ቀለም በነጻ ሰጥተንዎታል ይላል። ጥያቄዎን ሰው ሲመለከተው ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እባክዎ አገልግሎታችንን ከአምስት ኮከብ ይመዝኑ ይላል።

"የመጀመሪያው?" አሉ ጋሽ ዩሱፍ። "ሮበርትሳ?"

ሀይደር ወደ እኔ ዞረ። እኔ የኮምፒውተሩን ገመድ አየሁ።

"አምባቸው፣ አንተ ነህ" አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። "ጠርጥሬ ነበር። ያን ያህል ወር እንዴት ዋልህ ያላሉን ሰዎች ድንገት ስለ ዓይኔ ሲጠይቁ፣ ይኸ የሰፈር ሰው ነው አልሁ። ግን ጀልባዋን ማየት ፈለግሁና ዝም አልሁ። እንደዚያች ሳንቃ። ዝምታው የእኔ ጥፋት ነው። አንተን ሐላል ብየሃለሁ። እነሱን ግን እንጠይቃለን። ያችን የሰረቅናትንም ዛሬውኑ አጥፋት፣ የራሳችን ተከፍታለች።"

እኔ ዘንድ የተገለበጡትን ጀልባዋንና ጣናንም ጨምሬ አጠፋሁ። ሀይደር ከኋላዬ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀ፤ ሌላ ኮፒ እንዳላስቀር መሆኑ ነው። እኔም አንድ ቀን እንዲህ እንደ ሌባ የሚጠብቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሀይደር ተቀምጦ አባቱ ያሉትን ጻፈ። በስማችሁ በተጻፈ የሐሰት ፈቃድ ባልተፈቀደ ጌም ጀልባችንን ይዘን ስንሄድ ከርመናል፣ አሁን አጥፍተነዋል፣ ሐላል በሉን። አይሆንም ብዬ ለመንኩት። ለስንት ወር በወጉ ያልመለሱ ሰዎች ይህንንም አያነቡትም ብዬ ተጽናናሁ። ላከው።

በአሥራ አንድ ደቂቃ መለሱ። አሥራ አንድ! ማሽን አይደለም፤ ሙሉ ስም ያለው፣ የመብት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። ያለፈቃድ መጠቀምዎን በራስዎ ጽሑፍ ስላመኑ አካውንትዎ ለዘለዓለም ተዘግቷል፤ በውስጡ የነበረው ሥራዎ ሁሉ ተሰርዟል። ኮከብ አልጠየቀም። ሀይደር ጌሙን ሊከፍት ሞከረ። ጀልባዋ የለችም፣ ጣናም የለም፣ ጎርጎራም የለም።

ጋሽ ዩሱፍ በር ላይ፣ ወደ ሐይቁ ዞረው ተቀምጠው ነበር። መልእክት ሲገባ ኮምፒውተሩ ያሰማውን ድምፅ ሰምተዋል።

"መለሱ?"

ሀይደር ወደ አባቱ ዞረ። ካልተለየች አንተ በምን ለየሃት ብሎ ጀልባውን ሦስት ሳምንት ያቆመ ሰው፣ ለጳጉሜን ሦስት ብሎ የታገደ ሰው ነው። ምን እንደሚል አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ።

"መለሱ አባየ" አለ።

"ምን አሉ?"

"ሐላል ብለዋል።"

ባለሁበት ቆምኩ። ጋሽ ዩሱፍ ቀስ ብለው ጠየቁ።

"ስለ ዓይኔ ጠየቁ?"

ሀይደር እኔን አየኝ።

"የለም፣ አልጠየቁም" አለ።

"ተመስገን" አሉ ሽማግሌው፣ ትከሻቸውን ወደ በሩ መቃን አሳርፈው። "እንግዲያ የአሁኖቹ እውነተኞቹ ናቸው።"